በደጃፍ ያለውን አገር ስለ ማየት

ሆድ እንጀራ ሲያጣ እንደሚጮኽ ሁሉ፣ ልብም የሚያየውንና የሚያሰላስለውን ሲያጣ ይጮኻል። ነገር ግን የሆድን ጩኸት ሰው ሁሉ ሲያውቀው፣ የልብን ጩኸት የሚያውቀው ጥቂት ነው። ሰውዬው ያለ ምክንያት ይቆጣል፤ የቀረበለት ወጥ ጨው ያነሰው ይመስለዋል፤ ልጆቹ ሲስቁ ይረበሻል፤ ሌሊት ሲገላበጥ ያድራል። «ምን ሆንህ?» ቢሉት «ምንም አልሆንሁ» ይላል። እውነቱን ነው፤ ምንም አልሆነም። ሕመሙም ይኸው ምንም አለመሆኑ ነው። ዛሬ እንደ ትናንት፣ ነገም እንደ ዛሬ ሆኖበት፣ ዓይኑ ክፍት ሳለ ማየትን ትቶአል።

በዚህ ጽሑፍ ልመረምረው የፈለግሁት ጥያቄ ይህ ነው። ሰው የሚኖርበትን ሰፈር፣ በየቀኑ የሚረግጠውን መንገድ፣ በደጃፉ ያለውን ዛፍና ምንጭ፣ የጎረቤቱን አጥርና ማሳ ዞር ዞር ብሎ ቢመለከት፣ ለልቡ ደስታ ይጨምርለታልን? ቢጨምርለትስ፣ ይህ ነገር የሥራ ፈት ጨዋታ ነውን? ወይስ አስተዋይ ሰው ሊፈጽመው የሚገባ ቁም ነገር ነው?

የምኖረው በጉንደ ወይን ነው። ከተማችን በምሥራቅ ጎጃም የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ወረዳው በሰሜን በኩል እስከ ዓባይ ይደርሳል፤ ከዓባይ ማዶ የደቡብ ጎንደር አገር ነው። በሌላው ወገን ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጮቄ ተራራ ቆሞአል። ሙጋና ሱሐ፣ ጨሞጋም፣ ሌሎችም ብዙ ወንዞች ከእርሱ እየፈለቁ ወደ ዓባይ ይወርዳሉ። እንግዲህ እኛ በውሃው እናትና በውሃው መሰብሰቢያ መካከል የተቀመጥን ሕዝብ ነን። የከተማችንን ስም በግዕዝ ብንፈታው «የወይን ግንድ» ማለት ነው። ይህን ስም በቀን አሥር ጊዜ ስንጠራ፣ ጆሮአችን ለምዶታልና ግንዱም ወይኑም ትዝ የሚለን ስንቶቻችን ነን?

ከዚህ አገር ተወልዶ ያደገውን ሰው «በአገርህ ምን የሚታይ ነገር አለ?» ብትሉት፣ ብዙ ጊዜ የሚመልሰው «ምን አለ ብለህ ነው? አንድ አስፋልት፣ አንድ ገበያ፣ ጭቃና አቧራ» ብሎ ነው። ይኸው ሰው ግን አዲስ አበባ የሄደ እንደ ሆነ የማያውቀውን ፎቅ ቀና ብሎ ሲቆጥር ይውላል። አባቶቻችን «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» ያሉት ይህን ጠባያችንን አይተው ነው። ልማድ መልካም አገልጋይ ነው፤ እያንዳንዱን እርምጃ እንደ አዲስ እንዳናስብ ያሳርፈናል። ነገር ግን አገልጋዩ ጌታ የሆነ ጊዜ ዓይናችንን ይሸፍነዋል። ያን ጊዜ የለመድነው ነገር አይጠፋም፤ እኛ ግን ከእርሱ እንጠፋለን።

እዚህ ላይ የአገራችን ልማድ የሚያነሣብኝን ክርክር ማለፍ አይገባኝም። በእኛ ዘንድ «ዟሪ» የሚለው ቃል ስድብ ነው። ሰው ከቤቱ የሚወጣው ለእርሻ፣ ለገበያ፣ ለለቅሶ፣ ለሠርግ፣ ለማኅበር፣ ለቤተ ክርስቲያን ነው። «ወዴት ትሄዳለህ?» ተብሎ ሲጠየቅ «እንዲያው ለማየት» ብሎ የሚመልስ ሰው ያሳፍራል፤ አንዳንዱም ጤንነቱን ይጠራጠራል። ይህን ልማድ በከንቱ ልንቅፈው አይገባም። ሥራ በሚበዛበት አገር ሥራውን ጥሎ የሚዞር ሰው በሌላው ላብ የሚበላ ነውና፣ አባቶቻችን ዟሪን መጥላታቸው ትክክል ነበረ።

ሆኖም ከቤት የሚወጣ ሰው ሁሉ አንድ አይደለም፤ እኔ በሦስት እከፍለዋለሁ። አንደኛው በጉዳይ የሚሄደው ነው። እርሱ የሚያየው የሚደርስበትን ቦታ ብቻ ስለ ሆነ፣ በመካከል ያለው መንገድ ለእርሱ እንደ ዕዳ ነው። ሁለተኛው ወሬ ለመልቀም የሚዞረው ነው። እርሱም ያያል፤ ነገር ግን የሚያየው የሰውን ነውር ነው፤ ወደ ቤቱም የሚመለሰው ከወጣበት የባሰ ልብ ይዞ ነው፤ ወይ በሌላው ማግኘት ቀንቶአል፣ ወይ በሌላው ማጣት ተደስቶአል። ሦስተኛው ለማስተዋል የሚወጣው ነው። እርሱ ከማንም ምንም አይወስድም፤ ሥራውንም አይጥልም፤ ግማሽ ሰዓት ቢያገኝ ትበቃዋለች። አባቶቻችን የነቀፉት ሁለተኛውን ሲሆን፣ እኛ ሦስተኛውን ጨምረን ነቀፍነው።

ሩቅ አገር መሄድ ብቻውን ልብን የሚያሳርፍ ቢሆን ኖሮ፣ ከጀምስ ብሩስ የበለጠ ደስተኛ ሰው ባልተገኘ ነበር። ይህ የስኮትላንድ ሰው የዓባይን ምንጭ አያለሁ ብሎ ባሕርና በረሃ አቋርጦ፣ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1770 በጎጃም ሰከላ ከግሽ ዓባይ ደረሰ። ፔድሮ ፓኤዝ የሚባል የኢየሱሳውያን ቄስ ከእርሱ በፊት በ1618 ቦታውን አይቶት ነበር፤ ብሩስ ግን ይህን ሊቀበል አልወደደም። እንግዲህ ይህን ያህል ከደከመለት ምንጭ አጠገብ በደስታ ሲፈነድቅ ከቆየ በኋላ፣ ትንሽ ሳይቆይ ከባድ ትካዜ እንደ ያዘው ራሱ በመጽሐፉ ጽፎአል። የጓጓለት ነገር በእጁ ሲገባ፣ በአገሩ ካሉት ወንዞች ምንጭ የማይበልጥ ትንሽ ውሃ መስሎ ታየው።

ይህን ታሪክ የጠቀስሁት በብሩስ ለመሳቅ አይደለም፤ ድፍረቱና ትዕግሥቱ የሚደነቅ ነው። ነገር ግን በዚያው ሰዓት በዚያው ምንጭ አጠገብ ከብቱን የሚጠብቅ እረኛ ነበረ ብለን ብናስብ አንሳሳትም። ለአንደኛው ምንጩ የዓለም መጨረሻ ነበረ፤ ለሌላው ከብት የሚያጠጣበት ቦታ ነበረ። አንደኛው በጣም ስለ ጓጓ ውሃው አነሰበት፤ ሁለተኛው በጣም ስለ ለመደው ምንጩን አላየውም ይሆናል። እውነተኛው ማየት በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው፤ ያለ ጉጉት ትዕቢት፣ ያለ ልማድም ድንዛዜ።

እንዲህ ያለውን ማየት ለመማር ወደ ውጭ አገር መሄድ አያስፈልገንም፤ የገዛ ጎጃማችን የቅኔ ትምህርት ቤት ያስተምረናል። ዋሸራና ጎንጅ ስማቸው በቅኔ የታወቀው በዚሁ በጎጃም ነው። የቅኔ ተማሪ ለምዱን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ከአንዱ የኔታ ወደ ሌላው የኔታ በእግሩ ይዞራል። ቅኔ በሚቆጥርበት ሰዓት ደግሞ ከጓደኞቹ ተለይቶ ወደ ዱሩ፣ ወደ ዛፉ ጥላ፣ ወደ ወንዙ ዳር ይወጣል። ሲመለስ የኔታ «ምን አመጣህ?» ብለው ይሰሙታል፤ የማይረባውን ይጥሉበታል፤ የረባውን ያቀኑለታል።

የቅኔ ትልቁ ነገር ሰሙና ወርቁ ነው። ወርቁ የተሰወረው ምሥጢር ነው፤ ሰሙ ደግሞ ሰው ሁሉ ከሚያውቀው ነገር የሚወሰድ ነው። እርሻና ዘር፣ ገበሬና በሬ፣ ማድጋና ውሃ፣ ዶሮና ጭልፊት፣ ሸማኔና መወርወሪያ፣ ሁሉም ለሰም ይሆናል። ስለዚህ ለቅኔ ተማሪ የተናቀ ነገር የለም። ሌላው ሰው የተሰበረ ቀንበር ወድቆ ሲያይ ማገዶ ነው ብሎ ያልፋል፤ ተማሪው ግን «ይህ ለምን ይሆናል?» ብሎ ይቆማል። ርቦት ነው፤ በርዶታል፤ ውሻ አባሮታል፤ ያደረበት ጎጆ ያፈስሳል። ይህ ሁሉ ሳለ አሰልቺ መንገድ የለበትም፤ መንገዱ ሁሉ የሥራው ዕቃ ነውና። እኔ በልጅነቴ ያየኋቸው ተማሪዎች ከእኛ ከጠገብነው ልጆች ይልቅ ይስቁ ነበር። ያን ጊዜ ምክንያቱ አይገባኝም ነበር፤ ዛሬ ሳስበው ግን ዓይናቸው ሥራ ስላልፈታ ይመስለኛል።

አሁን ደግሞ የዘመኑ ሊቃውንት ከዚህ ነገር ምን እንዳገኙ እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ2020 አሮን ሄለርና ካትሪን ሃርትሊ ከባልደረቦቻቸው ጋር አንድ ጥናት አሳተሙ። በኒው ዮርክና በማያሚ የሚኖሩ ሰዎችን ፈቃዳቸውን ጠይቀው፣ በስልካቸው ውስጥ ባለው የአቅጣጫ መሣሪያ አማካይነት በየቀኑ የት የት እንደ ዋሉ ለሦስትና ለአራት ወራት ተከታተሉ፤ ስሜታቸውንም በመልእክት ይጠይቁአቸው ነበር። ያገኙት ውጤት፣ ሰው በልዩ ልዩ ቦታ በተዘዋወረበት ቀን የበለጠ ደስታ፣ ብርታትና እርጋታ እንደሚሰማው ነው። ነገሩ በሁለት ወገን የሚሠራ መሆኑንም ተመልክተዋል፤ መዘዋወሩ ደስታን ያመጣል፣ ደስታውም መልሶ ለመዘዋወር ያነሣሣል። ለዚህም ባሕር ማቋረጥ አያስፈልግም፤ ወደ ሥራ በሌላ መንገድ መሄድ፣ በሰፈር ዞር ማለት ይጠቅማል ባዮች ናቸው።

ከዚህም በፊት እ.ኤ.አ. በ1984 ሮጀር ኡልሪክ የሚባል ሊቅ ያሳተመው አንድ ጥናት አለ። በአሜሪካ በፔንሲልቬንያ በአንድ ሆስፒታል የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን የ46 ሰዎች መዝገብ መረመረ። እኩሌቶቹ በመስኮታቸው ዛፍ የሚያዩ፣ እኩሌቶቹ የጡብ ግድግዳ ብቻ የሚያዩ ነበሩ። ዛፍ ያዩት ሰዎች ቶሎ ድነው ወጡ፤ ብርቱ የሕመም ማስታገሻም ያነሰ ወሰዱ። በ2015 ደግሞ ግሬጎሪ ብራትማንና ባልደረቦቹ ሰዎችን ለዘጠና ደቂቃ ያህል እንዲራመዱ አደረጉ፤ ገሚሶቹን ሣርና ዛፍ ባለበት፣ ገሚሶቹን መኪና በሚበዛበት መንገድ። በዛፍ መካከል የተራመዱት ሰዎች ያንኑ ክፉ ሐሳብ ደጋግሞ ማመንዠክ ቀነሰላቸው። በሬ የበላውን ሣር መልሶ ቢያመነዥክ ሥጋ ይሆነዋል፤ ሰው ግን ያዘነበትን ነገር መልሶ መላልሶ ቢያመነዥክ እርሱ ራሱ ይበላል።

በእነዚህ ጥናቶች ልታበይ አልሻም። የኒው ዮርክ ሰውና የጎንቻ ገበሬ ኑሮአቸው አንድ አይደለም። ደግሞም አንድ ጠንካራ ተቃውሞ እንደሚነሣብኝ አውቃለሁ። «ገበሬው ከማለዳ እስከ ማታ በዛፍና በሣር መካከል ነው፤ እናቶቻችን በየቀኑ ወንዝ ይወርዳሉ፤ እንግዲያውስ ከእነርሱ የበለጠ ደስተኛ ለምን አልተገኘም?» የሚለኝ ሰው ይኖራል። ተቃውሞው እውነት አለበት። ሃያ ሊትር ውሃ በጀርባዋ አዝላ ዳገት የምትወጣ ሴት መንገዱን እንድታደንቅ የሚመክራት ሰው፣ ምክር ሳይሆን ስላቅ ተናግሮአል። ሸክም ያጎበጠው ሰው የሚያየው የገዛ እግሩን ብቻ ነው። ስለዚህ የማየት ደስታ እንዲኖር አስቀድሞ ሸክሙ ሊቀል ይገባል፤ ውሃው ወደ ሰፈር ሊቀርብ፣ ማገዶው ሊገኝ፣ ወፍጮው ሊተከል ያስፈልጋል። ይህን ያላሰበ የደስታ ትምህርት የጠገበ ሰው ትምህርት ነው።

ከዚህም ጋር አንድ ነገር እጨምራለሁ። በእኛ አገር ወንድ ልጅ ያለ ጉዳይ ቢወጣ «ተናፈሰ» ይባላል፤ ሴት ልጅ ያለ ጉዳይ ብትወጣ ግን ስሟ ይጠፋል። እንስራዋ ወይም ዘንቢሏ እንደ ይለፍ ወረቀት ነው፤ ያለ እርሱ ከደጃፍ ማለፍ አትችልም። ብዙ እናቶች የጠበል ጉዞንና የጽዋ ማኅበርን ለምን እንዲያ እንደሚናፍቁት አስባችሁ ታውቃላችሁን? መንፈሳዊው ፍቅር እንዳለ ሆኖ፣ ያለ ሸክም መንገድ የሚሄዱባት ቀን እርስዋ ስለ ሆነች ጭምር ነው። እንግዲህ ማየት ለልብ ምግብ ከሆነ፣ ግማሹን ቤተ ሰባችንን ከማዕዱ ማራቃችን በደል ነው። ይህን የምናገረው ሴት ልጆቼን አሳድጌ፣ የልባቸውን ድካም በቅርብ አይቼ ነው።

አሁን ደግሞ በቅርብ የማውቀውን አንድ ነገር ልንገራችሁ። አንድ ወጣት መምህር ከሌላ አገር ተመድቦ ወደ እኛ መጣ። መጀመሪያ ቸርና ጨዋታ ዐዋቂ ነበረ። ዓመት ሳይሞላው ግን ከትምህርት ቤት ወደ ኪራይ ቤቱ፣ ከኪራይ ቤቱ ወደ ትምህርት ቤት ብቻ ሆነ። ማታ ማታ በስልኩ የሌላውን ሰው ኑሮ ሲመለከት ያመሻል፤ ጧት ልቡ ከብዶት ይነሣል። «ጋሼ፣ በዚህ ከተማ ሰው እንዴት ይኖራል? ያየሁትን አይቼ ጨርሻለሁ» አለኝ።

እኔም አልተከራከርሁትም። «እንግዲያውስ አየሁ ካልህ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጸድ ውስጥ ስንት ዓይነት ዛፍ አለ?» ብዬ ጠየቅሁት። አያውቅም። በጎጃም ውስጥ ሜዳው ሁሉ ታርሶ ባሕር ዛፍ ከተተከለበት ወዲህ የጥንቱ አገር በቀል ዛፍ ተጠግቶ የቀረው በቤተ ክርስቲያን አጸድ ነው። «ቅዳሜ ሄደህ ቁጠርና ንገረኝ» አልሁት። ወይራና ጽድ፣ ዋንዛና ኮሶ ለይቶ ለማወቅ አንድ ዲያቆን ለመነ፤ ዲያቆኑ ወደ አንድ አዛውንት ቄስ ወሰደው፤ ቄሱም እያንዳንዱ ዛፍ ለምን መድኃኒትና ለምን ዕቃ እንደሚሆን ይነግሩት ጀመር። በሚቀጥለው ሳምንት ያለ እኔ ጠያቂነት ወደ ምንጩ ወረደ። ከዚያም ተማሪዎቹን እየያዘ ይወጣ ጀመር።

ይህን ስናገር ሰውዬው ፍጹም ደስተኛ ሆነ ልላችሁ አይደለም። ዝውውሩን መጠየቁን አልተወም፤ እናቱ ያሉት ሩቅ አገር ነውና በዚህ አልፈርድበትም። ነገር ግን እንቅልፉ ተመለሰ፤ ሳቁም ተመለሰ፤ ከተማይቱን «ያየሁትን አይቼ ጨርሻለሁ» የሚለውን ቃል ደግሞ አልተናገረም። ዛፎቹ የታመመውን ልብ እንደ መድኃኒት አልፈወሱትም። ያወጡት ግን ከራሱ ውስጥ ነው። ለካ ሰው ረጅም ጊዜ በአንድ ክፍል ሲዘጋ ክፍሉ የሚሆንበት ራሱ ኖሮአል።

ይህን ሁሉ ስጽፍ ያለንበትን ዘመን ረስቼ አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት ምክንያት መንገድ ብዙ ጊዜ ተዘግቶአል። ሰው ከወረዳ ወረዳ መሄድ ቀርቶ፣ ተኩስ በሚሰማበት ቀን ከደጃፉ መውጣት አይችልም። ልጆች ከትምህርት ተለይተው ዓመታት ቈጥረዋል። «ዞር ዞር በሉ፣ አገራችሁን እዩ» የሚል ምክር በእንዲህ ያለ ጊዜ ምን ይጠቅማል?

ለዚህ የምሰጠው መልስ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ሰላም የሚባለው ነገር ምን እንደ ሆነ ከዚህ እንማር። ሰላም ማለት በትልልቅ አዳራሽ የሚፈረም ወረቀት ብቻ አይደለም። ሰው ፍርሃት ሳይዘው በሰፈሩ መዞር መቻሉ፣ እረኛው ከብቱን እስከ ሜዳው ጫፍ መንዳቱ፣ ልጅቱ ያለ ሥጋት ምንጭ መውረዷ ሰላም ነው። ይህን ትንሽ የሚመስል ነገር ያጣ ሕዝብ ልቡ ይታመማል፤ ልቡ የታመመ ሕዝብም በቀላሉ ይጣላል። ስለዚህ የሰውን መንገድ የሚዘጋ፣ ማንም ይሁን ማን፣ የዘጋው መንገድ ብቻ አይደለም።

ሁለተኛው፣ መንገድ በሚዘጋበት ጊዜም ማየት ፈጽሞ አይዘጋም። ዛቪየ ደ ሜስትር የሚባል መኮንን እ.ኤ.አ. በ1790 በቱሪን ከተማ ባደረገው የሰይፍ ግጥሚያ ምክንያት 42 ቀን ከክፍሉ እንዳይወጣ ተፈረደበት። እርሱም በክፍሉ ውስጥ መንገደኛ ሆነ። ከአልጋው ወደ ወንበሩ፣ ከወንበሩ ወደ ግድግዳው ሥዕል እየተጓዘ፣ ሩቅ አገር እንደሄደ ሰው ያየውን ጻፈ፤ መጽሐፉም እስከ ዛሬ ይነበባል። የእኛው ሐዲስ ዓለማየሁም በወጣትነታቸው በጎጃም የቤተ ክህነት ትምህርት ቤቶች ቅኔ የተማሩ ሰው ነበሩ። በፋሺስት ወረራ ዘመን ተማርከው ወደ ጣሊያን አገር ተወስደው ዓመታት ታሰሩ፤ ከዚያም በመንግሥት ሥራ ባሕር ማዶ ብዙ ኖሩ። ሆኖም በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የምናነብ ሁሉ የጎጃምን ገጠር ከነጠባዩና ከነአነጋገሩ እናገኘዋለን። በወጣትነት ያስተዋሉትን ነገር እስራትም ባሕርም ሊነጥቅ አለመቻሉን ከዚህ እንረዳለን። ዛሬ አስተውለን የምናየው ነገር፣ ማየት በማንችልበት ቀን የምንመነዝረው ገንዘብ ነው።

እንግዲህ ወደ ምክር ልመለስ። አንደኛ፣ አዘውትረህ ከምትሄድበት መንገድ በሳምንት አንድ ቀን ተለይተህ በሌላው ሂድ። ሁለተኛ፣ ከአንድ ቦታ በየወሩ ተመለስ። በሐምሌ ጭጋግ የሸፈነው ሜዳ በመስከረም አደይ አበባ ሲለብስ፣ በኅዳር ጤፉ ሲያጎነብስ፣ በጥር አውድማው ባዶ ሲቀር የሚያይ ሰው፣ የራሱም ኀዘን ወራት እንዳለው ይማራል። በሐምሌ ቆሞ መስከረም አይመጣም የሚል ገበሬ የለም፤ ተስፋ የቈረጠ ሰው ግን ይህን ይላል። ሦስተኛ፣ የማታውቀውን ጠይቅ። የወፉን ስም፣ የዛፉን ስም፣ የሰፈሩን ስም ምክንያት ከሽማግሌ ጠይቅ። ጥያቄው ለአንተ ዕውቀት ሲሆን፣ የሚጠይቀው ሰው ላጣ ሽማግሌ ደግሞ ክብር ነው።

ነገር ግን ልኩን ማወቅ ይገባል። ኀዘኑ ከብዶ መብል ያስተወውን፣ ነፍሱን እስከ መጥላት የደረሰውን ሰው «ውጣና ተናፈስ» ብሎ ማሰናበት ጭካኔ ነው። የአእምሮ ሕመም እንደ ሌላው ሕመም ሁሉ ሐኪም ያለው ሕመም ነው። እንዲህ ያለውን ወገናችንን ጠበል የሚወስድ ጠበል ይውሰደው፤ ከጠበሉ ጋር ግን ሐኪም ቤትም ያድርሰው። በእግር መሄድ የጤነኛ ልብ ምግብ፣ የደከመ ልብ ምርኩዝ ነው እንጂ፣ የወደቀ ሰው ብቻውን የሚነሣበት ኃይል አይደለም።

የመጨረሻውንና ከሁሉ የሚበልጠውን ነገር ወደ ኋላ ያቈየሁት አስቤ ነው። ለገዛ ደስታው ብቻ ብሎ የሚዞር ሰው ደስታውን አያገኘውም። «አሁንስ ደስ አለኝን? አሁንስ ቀለለኝን?» እያለ ልቡን የሚመዝን ሰው፣ የዘራውን ዘር በየቀኑ እየቈፈረ በቅሎ እንደ ሆነ እንደሚያይ ሞኝ ነው። ዓይንን ከራስ ላይ አንሥቶ በሌላው ላይ ማኖር ነው የነገሩ ምሥጢር።

ባለፈው ክረምት ጧት በሰፈራችን በኩል ሳልፍ፣ ከየጎጆው ጢስ ሲወጣ ከአንዱ ጎጆ ግን አልወጣም። ባለቤትዋ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። ትናንትም ጢሱን እንዳላየሁ ትዝ አለኝ። ጎረቤቶችን ጠርቼ ገባን፤ እቴቴ በብርድ በሽታ ተይዘው ውሃ የሚያቀብላቸው አጥተው ተኝተዋል። ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድናቸው፤ ዛሬ በደኅና አሉ። በዚያች መንገድ ሰው ሁሉ ያልፋል። ክፉ ሰዎች ስለ ሆኑ አይደለም ያላዩት፤ ያ ጎጆ ጧት ጧት የሚጤስ መሆኑን ስላላስተዋሉ፣ መጥፋቱንም ሊያስተውሉ አልቻሉም። ያለውን ያላየ የጎደለውን ማየት አይችልም።

ስለዚህ መጀመሪያ ለጠየቅሁት ጥያቄ መልሴ ይህ ነው። አካባቢን ዞሮ ማየት የሥራ ፈት ጨዋታ አይደለም። ልብን ማስደሰቱ እውነት ነው፤ ከዚህ ይልቅ ግን ሰውን ለጎረቤቱ ያነቃዋል፤ የነቃም ሰው ቢያዝን እንኳ ኀዘኑ ባዶ አይሆንም። አባቶቻችን «ዞሮ ዞሮ ከቤት፣ ኖሮ ኖሮ ከመሬት» ይላሉ። መመለሻችን ወደ ቤት፣ ማደሪያችንም ወደ አፈር መሆኑ ካልቀረ፣ በመካከል ያለችውን ጥቂት መንገድ ዓይናችንን ጨፍነን ልናልፋት አይገባም። ወንድሜ ሆይ፣ እኅቴ ሆይ፣ ነገ ጧት ከቤትህ ስትወጣ፣ ከቤትሽ ስትወጪ፣ ቀና ብላችሁ የጎረቤታችሁን ጢስ ተመልከቱ።